ድንኳን፣ ድብና ዶሮ ወጥ

ባለፈው እትም በአንድ አንቀጽ ብቻ፣ በቨርጂኒያ ተራሮች ላይ ባለው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ሳይከፍሉና ቦታ ሳያስይዙ ድንኳን ተክሎ ማደር እንደሚቻል ጠቅሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሰኝ ጥያቄ ስለ ግብርና ስለ ኢንሹራንስ የጠየቃችሁኝን ሁሉ ወደ ጎን አስቀመጠው። ግብሩ ለሚቀጥለው ይቆየን።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለቤቴ «አሜሪካ ውስጥ ነፃ ነገር የለም፣ ኋላ የቅጣት ቲኬት ለጥፈውብን ነው የምንመለሰው» ብሎ አልሄድም አለ። አምና ሼናንዶዋ ስንሄድ በሩ ላይ አስከፍለውናል። እውነት ማንንም ሳናስፈቅድ ማደር እንችላለን? (ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አምና የከፈላችሁት ሌላ ቦታ ነው። ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ መግቢያ ያስከፍላል፣ ከካምፕ ግቢዎቹ ወጥቶ ዱሩ ውስጥ ለማደር ፈቃድ ይጠይቃል፣ እዚያ ዱር ውስጥ እሳት ማንደድም ክልክል ነው። እኔ የጻፍኩት ስለ ብሔራዊ ደኑ ነው። ሸለቆውን ተሻግራችሁ፣ ኢንተርስቴት 81ን አልፋችሁ ወደ ምዕራብ ስትነዱ ፊት ለፊት የሚመጣው ተራራ አብዛኛው የእሱ ነው። የሚያስተዳድረው በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሥር ያለው የደን አገልግሎት ሲሆን፣ በፈረንጆቹ ከ1995 ጀምሮ ከጄፈርሰን ብሔራዊ ደን ጋር በአንድ አስተዳደር ተጠቃሏል። ሁለቱ አንድ ላይ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ናቸው። በር የለውም፣ ትኬት ቆራጭም የለም። ማደር ክልክል ነው የሚል ምልክት እስከሌለ ድረስ ድንኳንሽን ትተክያለሽ።

ባለቤትሽ የፈራው ቲኬት ግን ሊመጣ የሚችልበት መንገድ አለ። በብረት በር የተዘጋ የደን መንገድ ካያችሁ፣ በሩ ተከፍቶ ባታዩትም እንኳ ከፊቱ አታቁሙ፤ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባው በዚያ ነው። መኪና የሚፈቀድባቸውን መንገዶች የሚያሳየው ካርታ ነፃ ነው፤ ሃሪሰንበርግ ካለው የኖርዝ ሪቨር ቢሮ ይገኛል። ከምንጭ፣ ከወንዝና ከእግር መንገድ 60 ሜትር ያህል ራቁ። ሌላ ሰው ያደረበት፣ በድንጋይ የተከበበ የእሳት ቦታ ያለው ሜዳ ካገኛችሁ እዚያው ግቡ፤ አዲስ ሣር መጨፍለቅ አያስፈልግም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ሬዲሽ ኖብ የሚባለውን ጫፍ እዩት። እስከ አናቱ አስፋልት ነው፤ የአናቱ መኪና ማቆሚያ በወጣቶች የቀለም ጽሑፍ ተዥጎርጉሯል። አንድ እግራችሁ ቨርጂኒያ፣ አንድ እግራችሁ ዌስት ቨርጂኒያ ይሆናል። ከፍታው 1,340 ሜትር ገደማ ነው። የቨርጂኒያ ትልቁ ተራራ ማውንት ሮጀርስ እንኳ 1,746 ሜትር ቢሆን ነው፣ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ይህን የምለው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ እዚያ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ሐበሻ ካለ ምክንያቱ ከፍታው ሳይሆን ክብደቱ ነው። ከሬዲሽ ኖብ አጠገብ ወደ ፍላግፖል ኖብ የሚወስደው የደን መንገድ 85 ግን ድንጋያማ ነው፤ ሲየና ሚኒቫን ይዛችሁ አትሞክሩት።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ያለ ዶሮ ወጥ ሽርሽር የለም። ወጡን በድስት ይዘን ወጥተን እዚያው ልናሞቀው አስበናል። ድብ ይመጣል? ቢመጣስ እንደ ጅብ በእሳት ይባረራል? (ተ.፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ የ66 ዓመት አባት)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሊመጣ ይችላል። ተራራው ጥቁር ድብ አለበት። ከአፍንጫው የሚያመልጥ ሽታ የለም፤ የሽንኩርትና የበርበሬ ቁሌት ደግሞ ለሰው እንኳ ሁለት መንደር ያቋርጣል። እሳት አይቶ ይሸሻል ብለው አይመኑ። ምግብ የለመደ ድብ የእሳቱን ጭስ ምልክት ያደርገዋል።

ወጡን ማሞቅ አልከለክልዎትም። ግን ምድጃው ከድንኳኑ 60 ሜትር ይራቅ፣ ነፋሱም ከድንኳኑ ወደ ምድጃው የሚነፍስ ይሁን። አጥንቱን እሳት ውስጥ አይጣሉት፤ ተቃጥሎ አያልቅም፣ ሽታው ይቀራል። በፌስታል አስረው ይዘውት ይመለሱ። ከምግብ በኋላ ድስቱም፣ የተረፈውም፣ ሰሃኑም ተጠራርጎ መኪና ውስጥ ይግባ፤ መስኮቱ ተዘግቶ በሩ ይቆለፍ። በእግር ርቀው የሚያድሩ ከሆነ ድብ የማይከፍተው ጠንካራ የፕላስቲክ በርሜል ይግዙ። በገመድ መስቀልም አለ፤ ከመሬት 4 ሜትር፣ ከግንዱ 2 ሜትር ርቆ መንጠልጠል አለበት፤ በጨለማ፣ በቅዝቃዜ፣ ትክክለኛ ቅርንጫፍ ፍለጋ ሲዞሩ ማምሸት ግን ለጠላቴ አልመኝም።

ከምግብ ጋር የሚቆጠር ሌላም አለ፦ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሽን፣ የልጆች ከረሜላ። እኅቶቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለጋ ቅቤ አናታችሁ ላይ ጭናችሁ ቅዳሜ ማታ ድንኳን አትግቡ። ይህን ቀልድ አድርጋችሁ እንዳታነቡት።

ድቡን ፊት ለፊት ካገኙት አይሩጡ። ዛፍ ላይም አይውጡ፣ ከእርስዎ ይልቅ እሱ ጎበዝ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎን ወደ ላይ ዘርግተው ይጩሁበት፣ ድስቱን ያንኳኩ፣ እሱም የሚሄድበት መንገድ ይተዉለት። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው የሚሄደው። ከመጣብዎት ግን ሞቶ መምሰል ለዚህ ድብ አይሠራም፤ ባገኙት ነገር አፍንጫና ዓይኑን ይምቱ።

የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ ዶሮው ቤት ይቅር። እዚህ አገር የካምፕ ሱቆች በወርቅ ዋጋ የሚሸጡት ደረቅ ምግብ ከእኛ ጓዳ ሞልቷል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ። እንጀራ በዚያ እርጥበት ይሻግታል፣ ድርቆሽ ግን ሳምንት ቢቆይ ምን ይሆናል? ሽሮ በትንሽ ድስት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ስንቅ ማለት እኮ ይኼ ነበር።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ነርስ እንደሆንሽ ጽፈሻልና እስቲ ስለ መዥገሩ ንገሪን። ልጄ ካምፕ ውላ ስትመለስ ጉልበቷ ጀርባ ላይ አገኘሁባት፤ ቅቤ ቀብቼ ለቀቀ። ያሰጋል? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከፎልስ ቸርች)

መልስ፦ ከድቡ ይልቅ የምፈራው ይኼን ነው፤ ስለ ድቡ ግን አሥር ሰው ጠየቀኝ፣ ስለ መዥገር አንቺ ብቻ።

ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የክብሪት እሳት፣ ሁሉም ይቅር። መዥገሩ ሲጨነቅ የሆዱን ወደ ቁስሉ ሊመልሰው ይችላል። ወረንጦ ያዢ፤ ከቆዳዋ ጋር የተጣበቀበት ድረስ ወርደሽ አፉን ያዢውና ሳትጠመዝዢ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። ከዚያ በሳሙና እጠቢው፣ ቀኑን ጻፊው። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚሰፋ ቅላት፣ ትኩሳት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ሐኪም ጋ ውሰጂያትና «መዥገር ነክሷት ነበር» በዪ። ላይም የሚባለው በሽታ በጊዜው ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል። መጽሐፉ ላይ ያለው ቀይ ቀለበት በእኛ ቆዳ ላይ ጎልቶ ላይታይ ስለሚችል በደማቅ ብርሃን እዪ፣ በእጅሽም ዳብሺ። መዥገሩ በሽታውን ለማስተላለፍ ብዙውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ በዚያው ማታ መፈለግ ብዙ ያድናል፦ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ በተለይ በሹሩባው መካከል።

ሎን ስታር የሚባል ሌላ መዥገርም አለ፤ ሴቷ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ አላት። የእሷ ንክሻ በአንዳንድ ሰው ላይ ለቀይ ሥጋ አለርጂ ያመጣል። ክትፎ በልቶ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ሰውነቱ በሽፍታ ይወረሳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሲብስም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አንዳንዱ ቅቤና ወተትም አይችልም። ለእኛ ሕዝብ ከዚህ የከፋ ፍርድ አላውቅም። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ልብሱ ላይ ፐርሜትሪን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ንፉ (ቆዳ ላይ ግን አይነካም)፣ ቤት ስትገቡ ልብሱን ሳታጥቡ በፊት በከፍተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ 10 ደቂቃ አዙሩት።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤትና ውሃስ? (ብዙዎቻችሁ)

መልስ፦ የሉም። ከውሃና ከመንገድ 60 ሜትር ርቃችሁ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቆፍሩ፣ ቅበሩ፣ ወረቀቱን በፌስታል ይዛችሁ ውጡ። የምንጭ ውሃ ጥሩ ይመስላል፣ ጃርዲያ ግን አይታይም። ፈልቶ 1 ደቂቃ ከቆየ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ «መሣሪያ የያዘ ሰው የሞላበት ጫካ ነው፣ ስልክም አይሠራም» ብሎ አስፈራራኝ። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ብቻ ልሄድ ነበር። (ሐ.፣ ከአርሊንግተን)

መልስ፦ ስልኩ ላይ ወንድምሽ ልክ ነው። ከ1958 ጀምሮ ያ አካባቢ ለትላልቅ የራዲዮ መቀበያዎች ሲባል ስርጭት የተገደበበት ሰፊ ቀጠና ውስጥ ነው፤ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ግሪን ባንክ ያለው ግዙፍ የራዲዮ ቴሌስኮፕ የሚያዳምጠው ሰማይ ነው። ካርታውን ቤትሽ ሆነሽ አውርጂ። አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የወጡት ለአደጋ ጊዜ በሳተላይት መልእክት ይልካሉ፤ ግን ዛፍ የሌለበት ገላጣ ቦታ ይፈልጋሉ። የት እንደምታድሪና እሑድ በስንት ሰዓት እንደምትመለሺ ለወንድምሽ በጽሑፍ ተይለት፤ ያስፈራራሽም እሱ ስለሆነ ሥራ ይኑረው።

መሣሪያ የያዙት አዳኞች ናቸው። በኖቬምበር የአጋዘን አደን ሲከፈት ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያና ኮፍያ ሳታደርጊ አትንቀሳቀሺ። እኔ ያን ሳምንት ጭራሹን አልሄድም። በመልካችን ምክንያት የሚደርስ ነገር አለ ወይ ለሚለው ሌላው ጥያቄሽ፣ ያገኘኋቸው ሰዎች በአብዛኛው እጅ አውለብልበው ያለፉ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ድንኳኔን ከመንገድ ከሚታይ ቦታ አልተክልም፣ ልቤ ያልወደደው ቦታ ላይም አልከራከርም፣ ነቅዬ ወደሚቀጥለው እነዳለሁ። ደኑ ሰፊ ነው።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች 80 እንሆናለን፤ ከበሮም እንይዛለን። (የኮሚቴው ጸሐፊ)

መልስ፦ 75 ሰውና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ፈቃድ ግዴታ ነው። እንደ ራምሴስ ድራፍት ያሉት በሕግ ተጠብቀው የተከለሉ ቦታዎች ደግሞ በአንድ ቡድን ከ10 ሰው በላይ አይቀበሉም። እኔ ብሆን ሽንት ቤት ያለው የቡድን ካምፕ እከራያለሁ። 80 ሰው 80 ጉድጓድ ሲቆፍር አስቡት።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ወጥተን ቡና በእሳት ልናፈላ ነው። ማገዶ ከቤት እናምጣ? (የቡና ማኅበር፣ ከሃያትስቪል)

መልስ፦ አታምጡ። ማገዶ ውስጥ ተደብቆ የሚጓዝ ተባይ አለ፤ በ2002 ሚሺጋን ላይ የተገኘው ትንሽ አረንጓዴ ጥንዚዛ የዚህን አገር አሽ የሚባል ዛፍ ፈጅቶታል። ደኑ ውስጥ ወድቆ የደረቀውን ልቀሙ፣ የቆመ አትቁረጡ። ደርቀው የቆሙት ሳይነፍስም ይወድቃሉና ድንኳን ከሥራቸው አይተከልም።

ጾሙ ደግሞ ከሕጉ ጋር ይገጥማል፦ በቨርጂኒያ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30፣ በጫካ አቅራቢያ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ከቤት ውጭ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፣ የካምፕ እሳትም ይጨምራል። በእኛ አቆጣጠር ነው ያልኩት፤ በእነሱ ከሰዓት በኋላ 4። በኖቬምበር 2023 በጄፈርሰን በኩል የተነሳው የማትስ ክሪክ ቃጠሎ ከ11,000 ኤከር በላይ በልቷል። ስለዚህ የጠዋቱን ቡና በጋዝ ምድጃ አፍሉ፤ ቆልታችሁ፣ ፈጭታችሁ ኑ። መቁላቱን ካልተዋችሁ ለማታ ይቆይ፣ ፍሙንም ውሃ አፍስሳችሁ፣ አማስላችሁ፣ በእጃችሁ ነክታችሁ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አትተኙ። ረከቦቱን ቤት ተዉት፣ ሲኒዎቹን በፎጣ ጠቅልሏቸው።