ከኋላ የሚያፏጨው ዲፈረንሻሉ ነው ወይስ ሌላ? ጥያቄና መልስ

ስለ ኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ስለሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው የመጣው ከአዲስ አበባ ዳር ነው፤ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከገላን። እኔም የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ስለሆነ መንገዱን አውቀዋለሁ። በተራ ልመልስ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ጋሼ፣ ቢኤምደብሊው ኢ46 ኤም 3 ነው ያለኝ። 80 ስገባ ከኋላ ማፏጨት ይጀምራል። እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ጭጭ ይላል። መካኒኩ «ዲፈረንሻሉ አልቆለታል፣ ሌላ ፈልግ» አለኝ። ልፈልግ?

መልስ፦ ገና ነው ወንድሜ። ብር ከማውጣትህ በፊት እየነዳህ መርምረው። እኔ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ ይዤ እወጣለሁ። ዘይቱ እስኪሞቅ እነዳለሁ። ከዚያ 80 ላይ አረጋጋለሁ፣ ቀስ ብዬ ነዳጅ እሰጣለሁ፣ እለቃለሁ፣ በመጨረሻ ኒውትራል አድርጌ አዳምጣለሁ።

ነዳጅ ስትሰጥ የሚመጣና ስትለቅ የሚጠፋ ፉጨት የጥርሶቹን ንክኪ ወይም የፒኒየኑን (ጉልበቱን ከሞተር በኩል የሚቀበለውን ትንሹን ጥርስ) ኩሽኔታ ያስጠረጥራል። ነዳጅ ሰጠህ አልሰጠህ የማይለወጥ፣ መሪውን ትንሽ ወደ ግራና ቀኝ ስትል ግን የሚብስ ጉርምርምታ አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ ነው። (ከኋላህ መኪና አለመኖሩን ሳታይ እንዳትሞክረው!) አስፋልቱ ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ ደግሞ ጎማውን ጠርጥር። በሌላ መኪና የፊትና የኋላ ጎማ ቀያይሮ ማየት ይቻል ነበር። የኤም 3 ግን የፊቱ ጎማ ስፋት 225፣ የኋላው 255 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይሆንም።

የአንተ ምልክት ወደ ዲፈረንሻሉ ያደላል። ቢሆንም መጀመሪያ ዘይቱ ይታይ።

ጥያቄ (አሁንም ከሰበታ)፦ ዘይቱ ምን ይነግረኛል?

መልስ፦ ብዙ። መጀመሪያ የላይኛውን የመሙያ ቡሎን ፍታ። እሱ እምቢ ካለ የታችኛውን እንዳትነካ፤ ዘይቱን አፍስሰህ መሙያ አጥተህ ትቀራለህ። የወጣውን ዘይት ንጹህ ሳህን ላይ ተቀበለው። ቡሎኑ ማግኔት ካለው፣ ላዩ ላይ እንደ ኩል የላመ ግራጫ ነገር ብታገኝ አትደንግጥ፤ የተለመደ መፋቅ ነው። በጣትህ ስታሸው የሚወጋህ ስንጥር ወይም የጥርስ ቁራጭ ካለ ግን መኪናውን አቁም። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ክረምት ላይ ጎርፍ አቋርጠህ እንደሆነ አስታውስ። ለዚህ መኪና 75ደብሊው-140፣ ለኤልኤስዲ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር ለሚይዝ ዲፈረንሻል) የሚሆነው ዓይነት ነው የሚገባው። ርካሹን የካምቢዮ ዘይት ሞልቶ «ያው ነው» የሚል ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ሂድ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ እኔ ኒሳን 350ዜድ ነው የምነዳው። ከዲፈረንሻሉ ሥር ጥቁር ነገር ይንጠባጠባል። ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ ይቀየር ተባልኩ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዲፈረንሻሉን የሚይዘውን ጎማ መሰል ማቀፊያ እዪው። በዚህ መኪና ውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ሲቀደድ ያፈሳል። ይህ የታወቀ ችግሩ ነው። ዲፈረንሻሉ ዘይት አፈሰሰ ተብሎ በከንቱ የተፈታ ስንት አለ! ማቀፊያው ደህና ከሆነና ዘይቱ በእርግጥ ከዘንጉ በኩል ከወጣ፣ ጎሚኒውን ከመቀየርሽ በፊት ከላይ ያለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ መደፈን አለመደፈኗ ይታይ። ከተደፈነች ግፊቱ አዲሱንም ጎሚኒ ያስተነፍሰዋል።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ሱባሩ ኤስቲአይ። ጠባብ ቦታ ላይ ስጠመዝዝ ከኋላ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ በክላች ሳህን የሚሠራ ኤልኤስዲ ከሆነ በትክክለኛው ዘይት ቀይረህ ባዶ ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራህ ቀስ ብለህ ንዳው። ብዙ ጊዜ ይተወዋል። አራቱም ጎማ አንድ መጠንና ተቀራራቢ እድሜ ይሁን።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ዲፈረንሻሉ ተፈቶ የፒኒየን ኩሽኔታ ብቻ ይቀየርልኝ? ልጁ «ዳዶውን በአየር መፍቻ ጥብቅ ማድረግ ነው» ይላል።

መልስ፦ ይሄን ልጅ አቁመው! ዳዶው ሥር፣ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሀል፣ ሲጠብቅ እየተጨመቀ የሚሄድ ቱቦ አለ። አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም። ሥራው ዳዶውን ትንሽ ማጥበቅ፣ ፒኒየኑን አዙሮ ተቃውሞውን በትንሽ ቶርክ መፍቻ መለካት፣ እንደገና ትንሽ ማጥበቅ ነው። ካለፈ ዳዶውን ማላላት ዋጋ የለውም፤ ቱቦው በአዲስ ይቀየራል። በአየር መፍቻ የተጠበቀ ኩሽኔታ ቶሎ ሊቃጠል ይችላል።

ቀጥሎ ትልቁ ክብ ጥርስ ይገጠማል። ከፒኒየኑ ጋር ያለው ክፍተት በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ይለካል። በብዙ መኪና ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ግን የመኪናው ማኑዋል ይናገራል። ከዚያ ጥቂት ጥርሶች ላይ ንክኪውን የሚያሳየውን ቢጫ ቀለም ቀብተህ እየያዝክ ታዞራለህ። ቀለሙ የተገፋበት ቦታ ጥርሱ መሀል ላይ ማረፍ አለበት። ወደ ጫፍ ከወጣ ወይም ወደ ሥር ከወረደ የፒኒየኑ ሺም (ቀጭን ማስተካከያ ቀለበት) ውፍረት ይስተካከላል፣ እንደገና ይቀባል። አሰልቺ ሥራ ነው። እኔ ግን ይህን ሳላይ ክዳን አልገጥምም። ትልቁና ትንሹ ጥርስ አንድ ላይ የተሞረዱ ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ብገዛስ?

መልስ፦ ይቻላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የሚፈርስ መኪና እያነሰ ይሄዳል፤ ሶማሌ ተራ ስትሄድ ተጠንቅቀህ ምረጥ። የጥርሱን ሬሾ (ትልቁ ጥርስ አንዴ እንዲዞር ፒኒየኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ዲፈረንሻሉ ላይ ካለው ታርጋ አንብብ። ለምሳሌ የኢ46 ኤም 3 ዲፈረንሻል 3.62 ነው። የ330ውን «ያው ቢኤም ነው» ብለው ቢሰጡህ አትቀበል፤ ቀፎውም ትንሽ ነው፣ አይገጥምም። በእጅህ አዙረው። የሚቆነጥጥ ወይም የሚንኳኳ ከሆነ ተወው። ክዳኑን አስከፍተህ ጥርሱን በባትሪ ብርሃን ማየትም መብትህ ነው። የማያስከፍት ሻጭ ጋ አትቁም።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ከተሠራ በኋላ ወዲያው ልርገጠው?

መልስ፦ አይሆንም። አዲስ ጥርስ ከገባ መጀመሪያ ቀስ ብለህ ንዳ፣ አቁመህ አቀዝቅዝ፣ ደግመህ ንዳ። የእንጦጦን ዳገት በሙሉ ጉልበት አትውጣበት። ኤም መኪኖች አዲስ ሲወጡ 2,000 ኪሎ ሜትር ላይ የዲፈረንሻል ዘይታቸው ይቀየራል። ለአንተም ያንን ያዝ፤ የምታፈሰውን ዘይት ደግሞ ሳታየው አትጣል።