ለጓሮ ቤት የፈቃድ ክፍያ፦ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ካሊፎርኒያ ነው። ቤታችን 1,600 ስኩዌር ፊት ሲሆን፣ ለእናቴ በጓሮ 800 ስኩዌር ፊት ኤዲዩ (በዋናው ቤት ግቢ የሚሠራ ተጨማሪ ትንሽ መኖሪያ ቤት) ልንሠራላት አስበናል። ኮንትራክተሩ «ለፐርሚት 30,000 ዶላር ያዙ» አለን፤ ዝርዝሩን ግን አልሰጠንም። በእርግጥ ይህን ያህል ይደርሳል?

መልስ፦ ዝርዝሩን ሳያዩ በዚህ ቁጥር አይስማሙ። ሰው ሁሉ ፐርሚት እያለ በጅምላ የሚጠራው ወጪ፣ ሕጉ ለየብቻ የሚያያቸው ክፍያዎች ድምር ነው።

ንድፍ ለማየት፣ ፈቃድ ለመስጠትና ለቁጥጥር የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በግንባታው ዋጋ ወይም በስፋቱ ይሰላል። ከተማው ለአገልግሎቱ ከሚያወጣው ተመጣጣኝ ወጪ በላይ ሊያስከፍል አይችልም። ታሪፉንም በድረ ገጹ ላይ የማውጣት ግዴታ አለበት።

ከባዱ ገንዘብ ያለው ኢምፓክት ፊ ላይ ነው፤ ለመንገድ፣ ለፓርክና ለመሳሰለው የሚሰበሰበው ማለቴ ነው። የካሊፎርኒያ ገቨርንመንት ኮድ አንቀጽ 66324 ከ750 ስኩዌር ፊት በታች የሆነ ኤዲዩ ይህን ክፍያ ጨርሶ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ከዋናው ቤት ስፋት ጋር መመጣጠን አለበት። የእርስዎ 800 የ1,600 ግማሽ ስለሆነ፣ ለዋናው ቤት 20,000 ዶላር ይጠየቅ ነበር ብንል ለኤዲዩው 10,000 ይሆናል ማለት ነው። ንድፉን ወደ 740 ቢያወርዱት ግን ይህ ክፍያ ዜሮ ይሆናል። የሚቀነሰው 60 ስኩዌር ፊት ብቻ ነው፤ 740 ለአንድ እናት ይጠባል ብዬ አላምንም። ስለዚህ አርክቴክቱ ንድፉን ሳይጨርስ አሁኑኑ ያነጋግሩት።

የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚህ የተለየ ነው። ኤዲዩው ከ500 ስኩዌር ፊት ካለፈ የትምህርት ዲስትሪክቱ በስኩዌር ፊት ሊያስከፍል ይችላል፤ ስለዚህ 740 ላይም ይጠብቁት። የውሃና የፍሳሽ ማገናኛም ራሱን ችሎ ለተሠራ የጓሮ ቤት ሊጠየቅ ይችላል፤ መጠኑ ግን ቤቱ በመስመሩ ላይ ከሚያሳድረው ጫና ጋር መመጣጠን አለበት። ቀድሞ የተሠራ ጋራዥ ወደ ኤዲዩ ሲቀየር ግን በአብዛኛው ይህ የማገናኛ ክፍያ አይጠየቅም። ጋራዥ ካላችሁ ሁለቱን አማራጮች አወዳድሩ።

አድራሻውን፣ ስፋቱንና የግንባታውን ግምታዊ ዋጋ ይዘው ከከተማው የሕንፃ ክፍል በእያንዳንዱ ክፍያ የተዘረዘረ ግምት በጽሑፍ ይጠይቁ። የትምህርት ዲስትሪክቱንና የውሃ ድርጅቱን ለየብቻ ይጠይቁ፤ የከተማው ወረቀት የእነሱን ላያካትት ይችላል። ከተማው አስቀድሞ የጸደቀ የኤዲዩ ንድፍ እንዳለውም ይጠይቁ፤ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ከተሞች እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ከኮንትራክተሩ ጋር በሚፈርሙት ውል ውስጥ የፈቃድ ክፍያ በደረሰኝ ልክ እንደሚከፈል ይጻፍ። በጅምላ 30,000 ብሎ የሚያስር ውል አይፈርሙ።

ከተማው ያለአግባብ ኢምፓክት ፊ ከጠየቀዎት ሥራውን ማቆም የለብዎትም። ሙሉውን ከፍለው፣ በተቃውሞ እንደከፈሉ፣ ፍሬ ነገሩንና የሕግ ምክንያትዎን በጽሑፍ ያስገቡ። ይህ የሚደረገው ፈቃዱ ሲጸድቅ ወይም ክፍያው ከተጣለበት ቀን አንሥቶ በ90 ቀናት ውስጥ ነው። ክስ ለመመሥረት ደግሞ ስለ ክፍያው ከተማው የሚሰጠው የጽሑፍ ማስታወቂያ ከደረሰዎት ጀምሮ 180 ቀናት አለዎት፤ ስለዚህ ማስታወቂያው የደረሰበትን ቀን የሚያሳየውን ፖስታ አይጣሉ።