ጌም ውስጥ ታሪክ ሲነገር፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጅማ ውስጥ ጌም ከሚጫወቱት መካከል ከውጤቱ ይልቅ ታሪኩ የሚገዛቸው ሰዎች ጥያቄያቸውን እንዲልኩ ጠይቄ ነበር፤ ላኩ። የኳስ ጌም ክርክሩን ትቼ የቀረውን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንዳንዱን ጌም እስከ መጨረሻው ስለምተርክ፣ ያልጨረሳችሁት ካለ ስሙን ስታዩ ዝለሉት።

ጥያቄ (ከኮቺ)፦ ጋሼ፣ የጌም ታሪክ ጥሩ ነው የሚባለው ፊልም ሲመስል ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፊልም የሚመስለው ክፍል ብዙ ጊዜ ኮንትሮለሩን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ሻይህን የምትጠጣበት ነው። ጌም ከፊልምም ከልቦለድም የሚለየው እጅህን ሥራ ላይ ስለሚያውል ነው። ስለዚህ የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፦ ታሪኩ የተነገረህ በሌላ ሰው አፍ ነው ወይስ በራስህ እጅ?

በ2013 የወጣ ብራዘርስ የሚባል የስዊድን ጌም አለ። የመራው ጆሴፍ ፋሬስ ከዚያ በፊት የፊልም ዳይሬክተር ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ለታመመ አባታቸው መድኃኒት ፍለጋ ይጓዛሉ። ሁለቱንም የምታንቀሳቅሳቸው አንተ ነህ፤ ታላቁን በግራ እጅህ፣ ታናሹን በቀኝ እጅህ። ታናሹ እናቱ ስትሰጥም ያየ ልጅ ስለሆነ ውኃ ይፈራል፤ መዋኘት ሲያስፈልግ ታላቁ ጀርባ ላይ ይንጠለጠላል። ወደ መጨረሻው ታላቁ ይሞታል። ታናሹ መድኃኒቱን ይዞ ብቻውን ሲመለስ ውኃ ዳር ይደርስና ይቆማል። በቀኝ እጅህ የእሱን ቁልፍ ትጫናለህ፤ አይገባም። ግራ ይገባሃል፤ ትሞካክራለህ። በመጨረሻ፣ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ሥራ ፈትቶ የነበረው የግራ እጅህ የሟቹን ቁልፍ ይጫናል። ልጁ ይዋኛል።

በዚህ ጌም ውስጥ ሰዎቹ የሚናገሩት የፈጠራ ቋንቋ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓረፍተ ነገር አይገባህም። ደራሲው የጻፈው ጣትህ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ)፦ እንዲህ ከሆነማ ጸሐፊ ለምን ያስፈልጋል? ቃለ ምልልስ ዋጋ የለውም ሊሉን ነው?

መልስ፦ ዋጋ አለው እንጂ እህቴ። የትኛው ቁልፍ መቼ ዝም እንደሚል የሚወስነውም ጸሐፊ ነው፤ ይህን አትርሺ። ቃላቱን በተመለከተ ደግሞ ዲስኮ ኤሊዚየምን ተመልከቺ። በ2019 የወጣ ነው፤ የተጀመረው ኢስቶኒያ ውስጥ ሲሆን ጽሑፉ ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ ነው። ዋናው ሰው ስሙን ጭምር እስኪረሳ የጠጣ መርማሪ ፖሊስ ነው። በጭንቅላቱ ውስጥ 24 ችሎታዎች፣ ማለትም አመክንዮው፣ ርኅራኄው፣ ጽናቱና የመሳሰሉት፣ እየተቋረጡ ያናግሩታል፤ ክራባቱ ሳይቀር ይመክረዋል፣ ያውም መጥፎ ምክር። እዚያ ውጊያ የሚባለው ንግግሩ ራሱ ነው። አንድ ነገር ሞክረሽ ሲከሽፍብሽ ታሪኩ አይቆምም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የከሸፈው መንገድ ከተሳካው ይበልጣል። ሚሊዮን ቃል የሚነበበው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል አንቺ ላደረግሽው ነገር የተሰጠ ምላሽ ነው።

የማይነበበው የቱ እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ አንድ ቀን ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ግቢና ከልጆቹ ኋላ ቁሚ። የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከኪሳቸው ይቆረጣል። አንድ ሽማግሌ የመንግሥቱን የሦስት ትውልድ ጦርነት መተረክ ሲጀምር አውራ ጣት ቁልፉ ላይ ይዘንባል፤ ሽማግሌው አፉን ሳይከድን ታሪኩ አልቋል። ከዚህ የበለጠ ጨካኝ አርታኢ አላውቅም። ዘ ላስት ኦፍ አስ ሲጀመር ግን ያ ጣት ይረጋጋል። ምክንያቱም ጌሙ ስለ ወረርሽኙ አንዳች ሳያስረዳ በሌሊት ቤት ውስጥ አባቷን የምትፈልገውን ልጅ እንድታንቀሳቅሺ ይሰጥሻል። በር ትከፍቻለሽ፣ ስልክ ታነሻለሽ፣ በመስኮት ታያለሽ። ጥቂት ቆይቶ አባትየውን ሆነሽ እሷን ተሸክመሽ ትሮጫለሽ። ልጅቷ ስትሞት የሚያምሽ ቀደም ሲል እሷን ስለነበርሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሳን አንድሪያስ ታሪክ አለው እንዴ?

መልስ፦ አለው። የጌሙ ዋና ሰው ካርል ጆንሰን በ1992 ወደ ከተማው የሚመለሰው እናቱ ተገድላ ለቀብሯ ነው። አንተ ግን መኪና ስትሰርቅ ሐዘኑ አልፎብሃል።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ ምርጫ የበዛበት ጌም ሁልጊዜ የተሻለ ታሪክ አለው?

መልስ፦ የምርጫ ብዛት የማስታወቂያ ነገር ነው። እስቲ አስላው፦ ሁለት ሁለት አማራጭ ያለው ምርጫ አሥር ጊዜ ብታቀርብና እያንዳንዱ የራሱ መንገድ ቢኖረው 1,024 መጨረሻ መጻፍ አለብህ። ማንም አይጽፈውም። ስለዚህ መንገዶቹ ተለያይተው መልሰው ይገናኛሉ፤ ልዩነቱን የሚይዘው ትዝታ ነው። ጌሙ ያደረግከውን መዝግቦ ይይዝና ረስተኸዋል ባለበት ሰዓት ያነሳብሃል። በ2015 የወጣው አንደርቴል በዚህ የተካነ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ እናት የምትንከባከብህን ቶሪየልን ገድለህ፣ ተጸጽተህ፣ ካስቀመጥክበት ቦታ እንደገና ጀምረህ ብታድናት፣ አንድ አበባ የመሰለ ክፉ ፍጡር መጥቶ ያደረግከውን ፊት ለፊት ይነግርሃል።

ምርጫ ክብደት የሚኖረው ዋጋ ሲኖረው ነው። እንቆቅልሽ አቅቶት «አገር ስጠኝ» የተባለ ልጅ የሚሰጠው አገር በእጁ የለም፤ ቢሆንም ሌላውን ከተማ ሁሉ እየሰጠ ጅማን ለመጨረሻ ያስቀምጣል። በ2013 ሉካስ ፖፕ ብቻውን የሠራው ፔፐርስ ፕሊዝ ይህን ያውቃል። በአንዲት የፈጠራ አገር ድንበር ላይ ፓስፖርት ተቆጣጣሪ ነህ። የሚከፈልህ ባስተናገድከው ሰው ልክ ነው፤ ማታ በዚያች ገንዘብ ኪራይ፣ ምግብና ማሞቂያ ትሸፍናለህ፤ ቤትህ ውስጥ የሚታመም አይጠፋም። አንድ ቀን ወረቀቱ የተሟላለት ሰው ያልፍና ከኋላው ሚስቱ እንዳለች ነግሮህ እንድትራራላት ይለምንሃል። የእሷ ወረቀት ጎዶሎ ነው። ብታሳልፋት የጥፋት ወረቀት ከማሽኑ እየተንጣጣ ይወጣል። በቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥፋቶች በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ገንዘብህ ይቆረጣል። ደግነት በቀን ሁለት ጊዜ በነጻ ተፈቅዶልሃል ማለት ነው። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው አንድም ቃል ሳይጨምር ጥሩ አጭር ልቦለድ ጽፏል።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ ልጄ ጌም ሲጫወት «ታሪክ እየተከታተልኩ ነው» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ እናቴ፣ በግማሽ ይመኑት። አጠገቡ ይቀመጡና ይህ ሰውዬ ማን ነው፣ ለምንስ እንዲህ አደረገ ብለው ይጠይቁት። በዝርዝር ካስረዳዎት እውነቱን ነው። «ዝም ብለሽ እዪ» ካለዎት የኳስ ጌም ነው። ዕድሜው የማይፈቅድለት ጌም ብዙ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ቁጥር ይመልከቱ፤ 18 የሚል ከሆነ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ በቪዲዮው ክፍል ጀግናው አዛኝ ነው፤ እኔ ስጫወተው ግን መቶ ሰው ይገድላል። ይህ ድክመት አይደለም?

መልስ፦ ድክመት ነው፤ ስምም ወጥቶለታል፦ «ሉዶናራቲቭ ዲሶናንስ»፣ ማለትም የጨዋታውና የታሪኩ አለመጣጣም። የጌም ዲዛይነሩ ክሊንት ሆኪንግ በ2007 ባዮሾክ ስለሚባለው ጌም ሲጽፍ ታሪኩ አንድ ነገር እየሰበከ ጨዋታው ተቃራኒውን ያስደርጋል ብሎ ተችቶ ነበር። መፍትሔው ግድያውን ማስቀረት ብቻ አይደለም፤ እጅ የሠራውን ታሪኩ እንዲቆጥረው ማድረግም ይቻላል። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ላይ ዕዳ እንድትሰበስብ ትላካለህ። አንድ የታመመ ገበሬ መክፈል አልቻለም፤ ቁልፉን እየተጫንክ ትደበድበዋለህ፤ ሲያስል ደሙ ፊትህ ላይ ይረጫል። ለአንተ ተራ ሥራ ነበር፤ ረስተኸው ብዙ ትጋልባለህ። ከብዙ ሰዓት በኋላ የምትጫወተው ሰው፣ አርተር ሞርጋን፣ ራሱ ማሳል ይጀምራል። ሳንባ ነቀርሳው ከዚያ ገበሬ የተላለፈ ነው። ያንን ሰው የመታኸው አንተ ነህና ሐኪሙ ሲነግረው የምትሰማው እንደ ተመልካች አይደለም።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ ከጅማ ታሪክ ጌም ቢሠራ ምን ይሁን ትላለህ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚያስበው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በሚያምር ግራፊክስ ሠርቶ ተጫዋቹን ማስጎብኘት ነው። እሱማ እናንተ ሰፈር ኮረብታው ላይ ቆሟል፤ በእግር ይጎበኛል። ሌላው ሐሳብ ተጫዋቹን ንጉሡን ማድረግ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደያዙ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1932 ድረስ ቆዩ፤ ጎረቤት ካፋ ደግሞ ተዋግቶ ንጉሡ በ1897 ተማረኩ። መልካም የምርጫ ጌም ይወጣዋል፤ ግን ዙፋን ላይ የተቀመጠ ተጫዋች ሰውን እንደ ቁጥር ማየት ይቀናዋል።

እኔ ብሆን ኬላ ላይ አቆመዋለሁ። የጅማ መንግሥት መግቢያዎች ኬላ ነበራቸው፤ ጠባቂዎች የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠሩ፣ ከነጋዴ ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። ወደ ሂርማታ ገበያ ቡና፣ አሞሌ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይጓጓዝ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ሂርማታ በዘመኑ ከታወቁት የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነው። እንግዲህ ተጫዋቹን ተራ የኬላ ጠባቂ አድርገው። መጀመሪያ ቆጠራ ይማር፤ ይህን ያህል አጋሰስ፣ ይህን ያህል ጭነት፣ ቀረጡ ይህን ያህል። እጁ ሥራውን እስኪለምድ፣ ሳያስብ እስኪያሳልፍ ድረስ ምንም አትንገረው። አንድ ቀን ቀረጡን አሟልቶ የከፈለ፣ ሰላምታው የሚያምር ነጋዴ ይመጣል። ከበቅሎዎቹ ኋላ የታሰሩ ልጆች አሉ። የማሳለፊያው ቁልፍ ትናንት ቡና ያሳለፈበት ያው ቁልፍ ነው። ሙዚቃ አታስገባ፤ ማብራሪያም አትጻፍ። ባያሳልፍ ምን እንደሚደርስበት ግን ጌሙ በትክክል ያውቅ፤ አለቃ አለው፣ ቤተሰብ አለው፣ ነጋዴውም ከእሱ በላይ የሆነ ወዳጅ አለው።

ጥያቄ፦ የአፍሪካ ጌም ታሪክ ያለው አለ?

መልስ፦ አለ። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ በ2016 ያወጣውን ኦሪዮን ሞክር፤ ንጉሥና ንግሥቲቱ፣ ባልና ሚስቱ፣ ጎን ለጎን የሚዋጉበት ነው። የእኛ አገሩ ኩኩሉ ዶሮዋን የምታስሮጥበት የስልክ ጌም ነው፤ ያዝናናል፣ ታሪክ ግን አትጠብቅበት።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ በአማርኛ የጌም ታሪክ መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ ገጸ ባሕርያቴ ዜና የሚያነቡ ይመስላሉ። በምን ልሥራው? እንዴትስ ላስተካክለው?

መልስ፦ ስለ መሣሪያው በአጭሩ፦ በትዋይን ጀምር። ክሪስ ክሊማስ በ2009 ያወጣው ነጻ መሣሪያ ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ ሳትችል ምርጫ ያለው ታሪክ ትሠራበታለህ። የሚወጣው አንድ ፋይል ነው፤ ጓደኛህ በስልኩ ብራውዘር ያለ ኢንተርኔት ይከፍተዋል፣ የግዕዝ ፊደሉም በስልኩ ፎንት ይነበባል። በኋላ ዩኒቲ ወደሚባለው ትልቁ የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ስትሻገር የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ራስህ ካላስገባህ ገጸ ባሕርይህ ባዶ ሳጥን ይናገራል።

ጽሑፉን ጮክ ብለህ አንብበው፤ የሰማህ ሰው «ማነው እንዲህ የሚያወራው?» ካለህ ቁረጥ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር በመጀመሪያው ቀን ወስን፤ ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት መሆን ይችላል? የሚችል ከሆነ እሱን የሚያናግር ዓረፍተ ነገር ሁሉ እጥፍ ይሆናል፤ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ጣጣ የለበትም። በምትኩ እሱ የሌለው ሀብት አለህ። ገበያ ላይ «አንተ» እያለ ሲያመናጭቅህ የከረመ ሽማግሌ ነጋዴ፣ አንድ ቀን በሰው ፊት «እርስዎ» ቢልህ፣ ክብርህ መጨመሩን የሚያሳይ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ማውጣት አያስፈልግህም። በተቃራኒውም ይሠራል፤ አክባሪህ የነበረች ሴት ድንገት ወደ «አንተ» ብትወርድ ተጫዋቹ ምን እንዳጠፋ ራሱ ወደ ኋላ ሄዶ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ታሪክ ያለው፣ የማያስቸግረኝ አንድ ጌም ምረጥልኝ።

መልስ፦ ጆርኒ፤ በ2012 የወጣ ነው። አንድም ንግግር የለበትም። በበረሃ ወደ ሩቅ ተራራ ትጓዛለህ፤ ኢንተርኔት ካለ መንገድ ላይ ስሙን የማታውቀው ሌላ ተጫዋች ያጋጥምሃል፤ መነጋገሪያችሁ አንዲት ድምፅ ብቻ ናት። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ በሰዓት ለሚከፍል ይስማማል። ተራ ጠብቆ ከኋላህ ከቆመው ልጅ ጋር ግን አስቀድመህ ተስማማ፤ መሀል ላይ ካቋረጥክ ያንተን ደምስሶ የራሱን ይጀምርበታል።