ለጀማሪ የሚበጀው ሼል የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምኖር የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ስሆን፣ በቤቴ ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ጭኜ፣ ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት (በተርሚናል) እየተለማመድኩ ነው። የምጽፋቸውን ትዕዛዞች ተቀብሎ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም (ሼል) ቀይሬ፣ ጓደኞቼ አንዱ ወደ ዚሽ፣ ሌላው ወደ ፊሽ እንድዛወር ይመክሩኛል። ይበልጥ የሚያስቸግረኝ ግን መብራት በድንገት ሲጠፋ በዕለቱ የጻፍኳቸው ትዕዛዞች ከታሪክ መዝገቡ አብረው መጥፋታቸው ነው። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ አስቀድሞ ከኡቡንቱ ጋር በመጣልዎ በባሽ እንዲጸኑ አጥብቀን እንመክርዎታለን። ብራያን ፎክስ ነፃ ሶፍትዌር ለሚያዘጋጀው የጂኤንዩ ፕሮጀክት ጽፎ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ሼል በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ስለሚገኝ፣ ዛሬ የሚለማመዱት ነገ በሥራ ቦታም ያገለግልዎታል። ዚሽም መልካም ነው፤ አፕል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማክ ኮምፒዩተሮች ላይ መነሻ ሼል አድርጎታል። ፊሽ ከቀድሞ ትዕዛዞችዎ ተነሥቶ ቀጣዩን ስለሚጠቁም ጀማሪን ይማርካል፤ ሆኖም ለተለዋዋጭ (ዋጋ ለሚያዝበት ስም) ዋጋ መስጠትን የመሰለው ቀላል ነገር እንኳ በእርሱ ዘንድ አጻጻፉ ስለሚለይ፣ ገና ሰዋስውን በመማር ላይ ላለ ሰው ሁለት ሸክም ይሆናል።

የመብራቱ ችግር ሼል መቀየርን አይጠይቅም። ባሽ ትዕዛዞችዎን በማህደረ ትውስታ ይዞ ቆይቶ ወደ ፋይል የሚጽፋቸው ተርሚናሉ በሥርዓት ሲዘጋ ነው፤ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ግን ይህን ለማድረግ ጊዜ አያገኝም። መፍትሔው በቤት ማውጫዎ ውስጥ በነጥብ በሚጀምረው የባሽ-አር-ሲ ድብቅ ፋይል ውስጥ አለ። አስቀድመው ፋይሉን በሌላ ስም ይቅዱት፤ ይህን እባክዎ አይዝለሉት። ከዚያም በመጨረሻው መስመር ላይ ፕሮምፕት ኮማንድ ለተባለው፣ በትልልቅ ፊደላትና በታች ሰረዝ ለሚጻፈው ተለዋዋጭ፣ ሂስትሪ የተባለውን ትዕዛዝ ከ«ኤ» አማራጩ (ከፊቱ ሰረዝ ካለው ትንሽ ኤ) ጋር በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ዋጋ አድርገው ይስጡት። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አይተዉ፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አዲስ ተርሚናል ሲከፍቱ ባሽ እያንዳንዱን ትዕዛዝ እንደተፈጸመ ይመዘግባል፤ ኃይሉ ሊቋረጥ ሲል የጻፉት ብቻ ወደ ዲስኩ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

የጓደኞችዎን ምርጫ ማየት ከፈለጉ፣ ሼሉን ጭነው ስሙን በባሽ ውስጥ በመጻፍ ይግቡ፤ «ኤግዚት» ሲሉ ወደ ባሽ ይመለሳሉ፤ መነሻ ሼልዎን መለወጥ አያስፈልግዎትም።