መልስ፦ ከቡድኑ ሩጫ ትልቁን ድርሻ ብቻውን ያስቆጠረው ማን ነው?

በቴስት ክሪኬት (ብሔራዊ ቡድኖች ለበርካታ ቀናት በሚያደርጉት የክሪኬት ግጥሚያ) በተጠናቀቀ ኢኒንግ (ቡድኑ ኳስ የሚመታበት ተራ) ከቡድኑ ሩጫ (ነጥብ) ትልቁን ድርሻ ብቻውን ያስቆጠረውን ተጫዋች ለጠየቁት፣ መልሱ አውስትራሊያዊው ቻርልስ ባነርማን ነው። በመጋቢት 1877 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ቴስት፣ ቡድኑ በመጀመሪያው ኢኒንግ ካስቆጠረው 245 ሩጫ 165ቱ፣ ማለትም 67 በመቶ ያህሉ፣ የእርሱ ነበሩ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ብዙ ያስቆጠረው ቶም ጋሬት ግን 18 ብቻ ነበረው።

ባነርማን ሜዳውን የለቀቀው የተጋጣሚው የእንግሊዝ ቡድን ተጫዋች ጆርጅ ዩሌት የወረወረው ኳስ ጣቱን ስለጎዳው እንጂ እንግሊዞቹ ስላስወጡት አልነበረም፤ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቴስት መሆኑ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

መዝገቡን ራስዎ ሲያጣሩ ግን ያልተጠናቀቁ ኢኒንጎችን አስቀድመው ያውጡ። እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦችን ሳነጻጽር እንዳስተዋልኩት፣ ለማሸነፍ ጥቂት ሩጫ ብቻ የቀረው ቡድን በአንድ ሰው ምት ሲጨርስ የሚገኘው ከፍተኛ መቶኛ፣ ባነርማንን ያለ አግባብ ወደ ታች ይገፋዋል።