መልስ፦ መነሳሳቱ ከየት ይምጣ?

እህቴ፣ «ቀለል ያለ ኑሮ እፈልጋለሁ፤ ግን በዕቃ የተጨናነቀውን ቤት ሳየው ገና ሳልጀምር ይደክመኛል፤ መነሳሳቱን ከየት ላምጣ?» ያልሽው የእኔም ጥያቄ ነበር። ብዙ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። የመጣው አንድ መሳቢያ ባዶ ካደረግሁ በኋላ ነው። አንቺም ቤቱን ሁሉ ትተሽ በቀን ደጋግመሽ ከምትከፍቺው መሳቢያ ጀምሪ። ፎቶግራፍና ደብዳቤ ለመጨረሻ ይቆይ፤ ከእነሱ የጀመረ ሰው ትዝታ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

አንድ ታሪክ በጣም ረድቶኛል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1845 እ.ኤ.አ. ዋልደን ከሚባል ኩሬ አጠገብ ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ሠርቶ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ያህል ኖረባት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የኖራ ድንጋዮች ነበሩት። በየቀኑ አቧራቸው መወልወል እንዳለበት ሲገባው በመስኮት ወረወራቸው። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ዕቃ ባነሳሁ ቁጥር የገዛሁበትን ዋጋ ትቼ ስንት ጊዜዬን እንደሚበላ አስባለሁ።

ለመስጠት እጅሽ ቢያመነታ ድክመት አይደለም። ሰው የራሱ የሆነውን ነገር ከዋጋው አብልጦ ያየዋል፤ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሪቻርድ ቴለር ለዚህ ዝንባሌ በ1980 እ.ኤ.አ. ስም አውጥቶለታል። እኔ ራሴን የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ይህ ዕቃ ባይኖረኝ ዛሬ ገንዘብ አውጥቼ እገዛው ነበር? ካልሆነ ለሚጠቀምበት ሰው እሰጠዋለሁ። የሌላውን የቤተሰብ አባል ዕቃ ግን ሳትጠይቂ እንዳትነኪ፤ እኔ ነክቼ የታላቅ እህቴን ልብ ሰብሬያለሁ።

ዛሬ ማታ የትኛውን መሳቢያ እንደከፈትሽ ጻፊልኝ።