የዓባይን በረሃ ሲወጣ የሚጠፋ ቮልስ

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ባሕር ዳር በሚደረግ የሦስት ቀን የድሮ መኪኖች ጉዞ ልሳተፍ ተመዝግቤአለሁ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራ ቮልስ ነው። ለሙከራ ስነዳው፣ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁለቱን ስወርድ የፍሬኑ ፔዳል ላላብኝ። ድልድዩን ተሻግሬ ሞተሩን አጥፍቼ ጥቂት ካረፍኩ በኋላ ደግሞ ወደ ደጀን መውጣት እንደ ጀመርኩ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ያለ ምንም ጥገና ተነሣ። የቤንዚን ፊልትሮ ብቀይርም ለውጥ የለም። ካርቡራተሩን ልለውጠው?

መልስ፦ ካርቡራተሩን አይለውጡ። በጥያቄዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ከማረፍዎ በፊት ሞተሩን ማጥፋትዎ ነው። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በቺንጋ በሚዞር ፋን አየር ስለሆነ፣ ሞተሩ በጠፋ ቅጽበት ማቀዝቀዣውም አብሮ ይቆማል፤ በብረቱ ውስጥ የታመቀው ሙቀትም ወደ ቤንዚን ፓምፑና ወደ ቧንቧው ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ ፈልቶ ወደ ትነት ይለወጣል፣ ፓምፑም ትነትን መግፋት ስለማይችል ካርቡራተሩ ይደርቃል። በዳገቱ ላይ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ቤንዚኑ ይበልጥ በቀላሉ ይፈላል።

ሆኖም ሲሞቅ የሚደክም ኮይልም (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ዕቃ) ይህንኑ ጠባይ ስለሚያሳይ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለቱን ይለዩ። ሞተሩ እንደገና ሲጠፋ የሚያንጠባጥብ ቤንዚን አለመኖሩን አረጋግጠው፣ የኮይሉን ዋና ገመድ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ክዳን ነቅለው ጫፉን በደረቅ ማገጃ ይዘው ከሞተሩ ብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ያርቁትና ሌላ ሰው ሲያስነሣ ብልጭታውን ይመልከቱ። ብልጭታው ጠንካራ ከሆነ ችግሩ የነዳጅ ነው፤ ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ ግን ኮይሉንና ፑንቲናውን (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋውን) ይመርምሩ።

የነዳጅ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከአየሩ መንገድ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ማኅተም በአብዛኞቹ አሮጌ ቮልሶች ላይ ደርቆ ወይም ጠፍቶ ስለሚገኝ፣ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በፋኑ ይሳባል፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ይህንን ነው። ቺንጋው መሐል ላይ በጣት ሲጫን ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። የዘይት ማቀዝቀዣውን ከአቧራና ከቅባት ያጽዱ። የፕላስቲክ ፊልትሮው በሞተሩ ክፍል ውስጥ ከሆነ አውጥተው ከሞተሩ ክፍል ውጭ፣ ከማርሽ ሳጥኑ አጠገብ ያስገቡት፤ በሙቀት ተሰንጥቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

አነዳዱም ይታረም። ፋኑ የሚዞረው በሞተሩ ዙር ልክ ስለሆነ፣ በሦስተኛ ማርሽ እየተጎተቱ መውጣት ሞተሩን ያነድደዋል፤ በሁለተኛ ማርሽ ዙሩን ከፍ አድርገው ይውጡ። ሲያርፉም ሳያጠፉ ለጥቂት ደቂቃዎች በባዶ ያዙሩት። እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የተባለውን የመኪና ውድድር ያሸነፈው መኪና ቮልስ ነበርና፣ በአግባቡ ከተያዘ ይህ ሞተር ዓባይን የማይወጣበት ምክንያት የለም።

ፍሬኑ ግን ከሞተሩ ይቀድማል፤ ሞተር ቢጠፋ ጥግ ይዞ መቆም ይቻላል፣ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ማጣት ግን ሕይወት ያስከፍላል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ፍሬኑ መያዝ ቢያቅተው ኖሮ የፍሬኑ ሸራ ጋለ እል ነበር፤ መላላቱ ግን የፍሬን ዘይቱ እንደ ፈላ ያሳያል። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ፣ አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ የሚደርሰው ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት መፍያ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አስወጥተው በአዲስ ያስቀይሩ፣ አየሩን ያስወጡ፣ የአራቱንም ጎማዎች ሸራ ያስተካክሉ። ከዚያም ከጎሃ ጽዮን ገና ሲነሡ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ሞተሩ እንዲይዝዎ ያድርጉ፤ ፍሬኑን ረግጠው አይቆዩበት፣ አጥብቀው ለአጭር ጊዜ ይርገጡና ይልቀቁት።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ያንኑ መንገድ በቀትር ይድገሙት፤ በቀድሞው ቦታ ሆን ብለው አጥፍተው ያሳርፉትና መነሣቱን ይመልከቱ። ምዝገባውን የሚያጸኑት ይህን ሙከራ ካለፈ በኋላ ይሁን።